ልጄ በግራ እጇ ነው የምትበላው፦ ከስትሮክ በኋላ ማን አለን?

እንደምን ሰነበታችሁ? ባለፈው ሳምንት እዚሁ መድረክ ላይ አንድ ጥያቄ ከፍቼ ነበር። በየመልሱ ሥር የገቡትን አጫጭር ምላሾች ሳልቆጥር መልሱ 30 ደረሰ፤ መሀል ላይ ጭቅጭቅም ወሬም ገባበት። አዲስ የምትመጡ ሰዎች ከላይ ጀምሮ ማንበቡ እየከበዳችሁ በውስጥ መስመር ትጠይቁኛላችሁ። ስለዚህ የተባለውን በየተራ ቁጥሩ ልተርክላችሁ። የሰዎቹን ቃል እንዳለ አልገለብጠውም፤ የልጆቻቸውን ነገር አምነው የጻፉ ስላሉ ስምም አልጠራም።

ጥያቄዬ ይህ ነበር። በ2014 ዓ.ም. ግንቦት ልጄ 5 ዓመቷ ነበር። ጠዋት ቁርስ እየበላች ጉርሻው ከእጇ ወደቀ። አነሳሁላት፤ መልሶ ወደቀ። ቀና ስትል አፏ ወደ አንድ ጎን ተጣሟል፤ ልትነግረኝ ትፈልጋለች፣ ቃሉ አይወጣላትም። ጎረቤት ተሰበሰበ፤ ምች ነው ተባለ፤ ዳማከሴ ተቆርጦ መጣ፤ እኛ ቅጠል ስናሽ ግማሽ ቀን አለፈ። ያ ግማሽ ቀን ዛሬም ይቆጨኛል። ሆስፒታል ስንደርስ ሲቲ ስካን ተነሳች፤ በግራው የአንጎሏ ክፍል የደም ሥር ተዘግቶ ቀኝ ጎኗ መያዙ ተነገረን። ከዚያ አራት ወር ቀደም ብሎ ጉድፍ ወጥቶባት ነበር። ሐኪሙ ይህን ሲሰማ፣ የጉድፍ ቫይረስ አልፎ አልፎ ልጁ ከዳነ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ የአንጎልን የደም ሥር አቁስሎ እንደሚያጠበው አስረዳን።

አሁን 9 ዓመቷ ነው፤ ሦስተኛ ክፍል ናት፤ ትራመዳለች። ያየ ሁሉ ዳነች ይለኛል፤ እኔም ተመስገን እላለሁ። ቀኝ እጇ ግን አይዘረጋም፤ ጣቶቿ እንደተጨበጡ ናቸው። ስለዚህ በግራዋ ትበላለች። በጥምቀት ሰሞን ዘመድ ቤት ተጠርተን ሄደን፣ አንድ ትልቅ ሰው በግራ እጅ መብላት ነውር መሆኑን እየነገሩ በሰው ፊት ገሠጿት። እጇን ነጠላዬ ውስጥ ደብቃ እስክንወጣ ድረስ እህል አልቀመሰችም። በዚያው ሳምንት ደብተሯ ላይ ትኩረት እንደሌላትና እንደምትዘገይ ተጽፎ መጣ። ከሆስፒታል ስንወጣ መድኃኒትና የቀጠሮ ወረቀት ተሰጥቶናል፤ ከዚያ ወዲያ ዓመት በዓመት ስለሚመጣው የነገረን ሰው የለም። እና ጠየቅኩ፦ ከስትሮክ በኋላ ለልጅቷም ለእኛ ለቤተሰቡም ማን አለ?

1ኛውን መልስ የጻፈችው እዚሁ ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር ያለች እናት ነበረች። አጽናናችኝ፣ ለልጄ ጸለየች፣ መልስ ባይኖራትም ክሩን፣ ማለትም የመልሶቹን ተከታታይ፣ እንደምትከታተል ነገረችኝ። ቃሏን ጠብቃ እስከ መጨረሻው አብራን ነበረች።

2ኛው ሰው ስትሮክ የደም ግፊትና የስኳር በሽታ ያለበት ትልቅ ሰው በሽታ ነው፣ የተነገረሽን በደንብ አልሰማሽም ይሆናል የሚል ነገር ጻፈ። 3ኛው ያንን ተቀብሎ ልጅቷን የለከፋት ነገር ካለ እንዳጣራ መከረኝ። በክፋት አልመሰለኝም፤ ሰፈራችንም ያኔ ያለው ይህንኑ ነው።

ሁለቱንም በትሕትና ያረመው 4ኛው፣ የሕክምና ተማሪ ነው። ስትሮክ ልጅንም፣ የተወለደ አራስንም፣ ማሕፀን ውስጥ ያለን ጽንስም እንደሚይዝ አብራራ። የደም ሥር ሲደፈን ወይም ሲፈነዳ ያው ስትሮክ ነው፤ በልጆች ላይ ሁለቱም ይታያሉ። ምክንያቶቹን ሲዘረዝር አብሮ የተወለደ የልብ ችግር፣ በቶንሲል ተጀምሮ የልብ ቫልቭን የሚያበላሸው ሩማቲክ የልብ ሕመም፣ ማጅራት ገትር (የቲቢውም ጭምር)፣ በተቅማጥ ውሃ ከሰውነት አልቆ ደም ሲረጋ፣ ሲክል ሴል የሚባለው በዘር የሚተላለፍ የደም በሽታ፣ የአንገትና የጭንቅላት አደጋ አለበት። የፊት መጣመም፣ የእጅ መዛልና የንግግር መጥፋት በድንገት ከታየ ልጅም ይሁን አዋቂ ደቂቃ ሳይፈጅ ወደ ሆስፒታል ነው አለ። ይህን ሳነብ ዳማከሴው ትዝ ብሎኝ ስልኬን አስቀምጬ ወጣሁ።

5ኛው ከደንቢያ የጻፈ አባት ነው። የእሱ ልጅ ተማሪው ከጠቀሰው ከልብ ቫልቩ ነው። መጀመሪያ ጉሮሮውን አመመው፣ ቀጥሎ ጉልበቱ አበጠ፣ ከዓመታት በኋላ ከልቡ የተነሳ የረጋ ደም አንጎሉ ላይ ደረሰ። አሁን በየአራት ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ አለበት። የመርፌው ቀን ከእርሻ ሥራ ጋር ሲጋጭ ማን ይውሰደው በሚል ቤት ውስጥ ጸብ እንደሚነሳ ሳይደብቅ ጻፈ። 6ኛው ያው 2ኛው ሰው ነው፤ ተመልሶ ይቅርታ ጠየቀ፣ ይህ ነገር ለምን በሬዲዮ አይነገርም ብሎም ተናደደ። እንዲህ ተመልሶ የሚጽፍ ሰው ደስ ይለኛል።

7ኛው ላይ ክሩ ጸጥ አለ። ከአዘዞ የጻፈች እናት ናት። ልጇ በአምስት ወሩ ነገር ሲዘረጉለት በግራ እጁ ብቻ ይይዝ ነበር፤ ቀኙ ተጨብጦ ይቀራል። ቤተሰቡ ግራኝ ነው እያለ ይስቅ ነበር። ዓመት ተኩል ሞልቶት አንድ እግሩን እየጎተተ ሲሄድ ነው ሳይወለድ ወይም በተወለደ ሰሞን ስትሮክ እንደመታው የታወቀው። አማቷ እስከ ዛሬ እርጉዝ ሆና ውሃ በመሸከሟ ነው ይሏታል። 8ኛው፣ ማለትም ተማሪው፣ ወደ 7ኛው ተመልሶ ሁለት ነገር አስረገጠ፦ ዓመት ያልሞላው ሕፃን እጅ አይመርጥም፣ ከመረጠ ሐኪም ይየው፤ ሁለተኛ፣ እንዲህ ያለው ስትሮክ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ሳይገኝ ይቀራል፣ እናቲቱ ባደረገችውም የሚመጣ አይደለም። የአዘዞዋ እናት ይህን ለአማቷ ጮክ ብላ እንዳነበበችላቸው በኋላ በውስጥ መስመር ነገረችኝ።

9ኛው ስልክ ቁጥር ይዞ የመጣ የወጌሻ ማስታወቂያ ነው። በሰባት ቀን በትኩስ ቅባትና በጋለ ድንጋይ እጁን አፍታታለሁ ይላል። ቁጥሩን አልደግመውም።

10ኛው ኃይለኛ ነበር። ፊዚዮቴራፒስት፣ ማለትም በእንቅስቃሴ ልምምድ የሚያክም ባለሙያ ነው፤ የተማረው እዚሁ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ። ስብራት የሚጠግን ወጌሻ የአንጎልን የደም ሥር እንደማይጠግን፣ የተኮማተረ ጡንቻን በጉልበት መሳብም ሊያቆስለውና ይብሱን ሊያኮማትረው እንደሚችል፣ ስሜት በጎደለው እጅ ላይ ትኩስ ነገር ማድረግ ማቃጠል እንደሆነ አስጠነቀቀ። የተናገረው ልክ ነው፤ አነጋገሩ ግን ጥርስ ነበረው። 11ኛው ወዲያው ተነሣበት፤ የአባቶችን እውቀት የሚንቁ የዘመኑ ልጆች በሚል አንድ ገጽ ሙሉ ወረፈው። ጭቅጭቁን ያቆመችው 12ኛዋ ናት። ልጇን ለማሞቅ የፈላ ውሃ በጠርሙስ አድርጋ እግሩ ሥር አስቀመጠችለት፤ ልጁ አላለቀሰም፣ አልተሰማውም፤ ጠዋት ቆዳው ተላጠ። ሦስት መስመር ብቻ ጻፈች። ከዚያ በኋላ ስለ ትኩስ ቅባት ያነሣ የለም።

13ኛው ላይ ፊዚዮቴራፒስቱ ለስልሶ ተመለሰ። ከሁሉ የተጠቀምኩት ይህ መልስ ስለሆነ ዘርዘር ላድርገው። ልጅ ላይ ለውጥ የሚያመጣው ሆስፒታል የሚያሳልፈው ግማሽ ሰዓት ሳይሆን ቤት ውስጥ በየቀኑ የሚደጋገመው ነገር ነው አለ። ጥቅም የሌለው መጠቅለልና መዘርጋት ልጅን ያሰለቻል፤ ሥራና ጨዋታ ይሁን። ምስር መልቀም፣ በቆሎ መፈልፈል፣ ሊጥ መጨፍለቅ፣ ሰፌድ በሁለት እጅ ይዞ ማቀበል፣ ገበጣ መጫወት። ጤነኛውን እጅ በቀን ለተወሰነ ሰዓት በጓንት ወይም በመሀረብ ሸፍኖ የደከመውን ብቻ ማሠራትም አለ፤ ግን ባለሙያ ሳያይ እንዳይጀመር፣ ለሳምንታት ብቻ እንደሚደረግ፣ ልጁ እንደ ቅጣት እንዳያየው አሳሰበ። ቀሚስ ሲለበስ የደከመው እጅ ቀድሞ ይግባ፣ ሲወልቅ መጨረሻ ይውጣ። በደከመው እጅ ይዞ መጎተት ትከሻን ስለሚያወልቅ ማንም እንዳያደርገው። ይህን ለቤቱ ሰው ሁሉ ነገርኩ፤ ታክሲ ላይ ስንሳፈር ረዳቱ የሚይዛት በዚያው እጅ ነበር።

የተረከዟን ነገርም ያወቅኩት ከእሱ ነው። አጥንቷ ሲያድግ የተኮማተረው ጡንቻ እኩል አይረዝምላትም፤ በ6 ዓመቷ መሬት ይነካ የነበረው ተረከዝ በ9 ዓመቷ ከፍ የሚለው ለዚህ ነው። እኔ እየባሰባት መስሎኝ ሌላ ስትሮክ ነው እያልኩ ሌሊት ስባንን ነበር። ስፕሊንት የሚባለው የእግር መደገፊያ እግሩ ባደገ ቁጥር ይቀየራል። እኛ ያሠራነው 180 ኪሎ ሜትር ተጉዘን ባሕር ዳር ነው፤ መንገዱ ሰላም በሆነ ቀን።

ገበጣውን ሞከርነው። ጠጠሩን በቀኝ እጇ ጉድጓድ ውስጥ ለመጣል መጀመሪያ ቀን አራት ደቂቃ ፈጀባት፤ ቆጥሬዋለሁ። አሁን እኔን ታሸንፈኛለች፣ ቆጠራው ላይ አልደርስባትም። ሦስተኛ ክፍል ትኩረት የላትም የተባለችው ልጅ ናት።

ከ14 እስከ 17 ስለ ባጃጅ ዋጋና ስለ ኮብልስቶን ሆነ። ከአውቶ ፓርኮ እስከ ሆስፒታል ስንት ያስከፍላል፣ ማን ዘረፈኝ፣ የትኛው ሰፈር መንገድ ተቆፍሮ ቀረ የሚል። አንድ የሚጠቅም ነገር ወጣበት፦ ሁለት የአዘዞ ቤተሰቦች የፊዚዮቴራፒ ቀጠሯቸውን አንድ ቀን አድርገው ባጃጅ በወር ተከራይተው ይካፈላሉ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኑ በሪፈር ከሄዱ ሕክምናውን ይሸፍናል፤ ትራንስፖርቱንና ከውጭ የሚገዛውን መድኃኒት ግን የምንችለው እኛ ነን።

18ኛው ላይ እንደገና ጋለ። አንዲት ሴት የልጇን የሚጥል በሽታ መድኃኒት አስጥላ ጸበል እንዳስገባችው፣ እኛም እንደዚያ እንድናደርግ ጻፈች። ብዙ ሰው ተንጫጫባት፤ ሃይማኖቷንም የነኩ ነበሩ፤ እሱ አሳዝኖኛል። 19ኛው ዲያቆን ነው። ጸበል መጠመቅና መድኃኒት መዋጥ እንደማይጣሉ፣ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስም በጊዜያቸው የኤች አይ ቪ መድኃኒትን ከጸበሉ ጋር አብራችሁ ውሰዱ ብለው እንደመከሩ አስታወሳት። ተማሪው 20ኛው ላይ ጨመረበት፦ ከስትሮክ በኋላ የሚጥል በሽታ የሚከተላቸው ልጆች አሉ፤ መድኃኒቱ በድንገት ከተቋረጠ የማያቆም መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል። ሲጥለው ክብሪት ጭሮ ማሽተት፣ አፍ ውስጥ ማንኪያ መክተት፣ እጅ እግር መጨበጥ ይቅር። በጎኑ አስተኝቶ፣ ጭንቅላቱ ሥር ለስላሳ ነገር አድርጎ፣ ሰዓት ማየት፤ 5 ደቂቃ ካለፈ ሆስፒታል። ሴትዮዋ አልመለሰችም። የት እንዳለች የሚያውቅ ካለ አደራ፣ ልጁ መድኃኒቱን መጀመሩን ይጠይቅልኝ።

21ኛዋ ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው፤ እኔንም ተቆጥተውኛል። አራት ዓመት ሙሉ ለትምህርት ቤቱ የልጅሽን ሕመም በቃል ስትነግሪ ኖረሽ፣ ከሐኪም ወረቀት ወስደሽ ለርዕሰ መምህሩ አልሰጠሽም፤ መምህር በየዓመቱ ይቀየራል፣ አዲሱ ከየት ይወቅ አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ቀጥለው ያልጠበቅኩትን ጠየቁኝ፦ ትሪ ላይ ስትበላ በአንድ ወገን ያለውን ትተዋለች ወይ? በማግስቱ አየሁ። በስተቀኝ ያለውን ወጥና እንጀራ ሳትነካ ጠገብኩ አለች፤ ትሪውን ሳዞረው እንደገና መብላት ጀመረች። ሐኪም ጋ ስወስዳት በሁለቱም ዓይኗ የቀኙ ወገን እይታ እንደጎደላት ተረጋገጠ። የመስመሩን መጨረሻ የማታነበው፣ በር ላይ በቀኝ ትከሻዋ የምትጋጨው ለካ ለዚህ ነው። መምህርቷ የነገሩኝ ቀላል ነገር ነው፦ ከክፍሉ በስተቀኝ ጥግ ትቀመጥ፣ ያኔ ሰሌዳውም ተማሪውም በምታይበት በግራዋ ይሆናል። ቃል ሲጠፋት አትቀሟት፣ ቆይታ ታመጣዋለች፤ ፈተና ላይ ተጨማሪ ሰዓት ጠይቂ፤ መጻፍ ያቃታትን በቃሏ ትመልስ።

22ኛው አንድ ወጣት መምህር ነው፤ ከፋው። ክፍሉ ውስጥ ከ60 በላይ ልጅ ይዞ የአንዷን መቀመጫ፣ የሌላዋን ሰዓት ማን ይከታተል አለ። 23ኛው ሰነፍ መምህር ብሎ ዘለፈው። እኔ ግን ሰውየውን አልፈርድበትም፤ ድካሙ ተሰምቶኛል። መቀመጫ መቀየር ግን ለ60ውም ልጅ ሰዓት አይወስድም፤ የልጄ መምህርት በአንድ ደቂቃ አደረገችው። 24ኛዋ የማራኪዋ እናት ናት፤ ተመልሳ ስለ ድካም ጠየቀች። ከአንጎል ጉዳት በኋላ የሚመጣው ድካም እንቅልፍ ብቻ እንደማያስወግደው፣ ልጅ ከሰዓት በኋላ ሲነጫነጭ ጠባዩ እንዳልተበላሸ ፊዚዮቴራፒስቱ አስረዳት። እኛም ልጃችንን ወደ ጠዋት ፈረቃ ልናዛውር ጠይቀናል።

25ኛው ስሙን ደብቆ ነው የመጣው። የልጅ ሕመም አደባባይ የሚያወጣ ለምጽዋት ነው አለ። ሦስት ሰዎች እኔን ቀድመው መለሱለት፤ አንደኛው እዚህ የማልደግመውን ተናገረ። እኔ የመለስኩት አጭር ነው፦ ክሩን ከላይ እስከ ታች ይፈልግ፣ የባንክ ቁጥር የሰጠ እናትም አባትም የለም። ዘለፋው ግን ውስጤ ቀረ። በጎንደር ስንት እናት ይህን ቃል ፈርታ ልጇን ቤት ዘግታ አስቀምጣ ይሆን ብዬ አሰብኩ።

26 እና 27 የዚያው ጭቅጭቅ ትርፍራፊ ናቸው። 28ኛዋን ግን ደጋግሜ አነበብኳት። የ16 ዓመት ልጅ ናት፤ ስትሮክ የያዘው ታናሽ ወንድሟ ነው። ወንድሟን ከትምህርት ቤት የምታመላልሰው እሷ፣ ልጆች ሲያላግጡበት የምትደባደበው እሷ፣ እናታቸው ቀጠሮ ስትሄድ ምሳ የምትሠራው እሷ ናት። የስምንተኛ ክፍል ፈተናዋን ስታልፍ ማንም ቤት ውስጥ ልብ አላለም። እንደምትቀናበት፣ በመቅናቷም እንደምታፍር፣ ደግሞ እሱ እንዳይሞት ሌሊት ትንፋሹን እንደምታዳምጥ ጻፈች። እኔ ትልቅ ወንድ ልጅ አለኝ፣ 13 ዓመቱ ነው። አራት ዓመት ሙሉ እህትህን ያዝ፣ እህትህን ጠብቅ ከማለት ሌላ ምን እንዳልኩት ለማስታወስ ሞከርኩ። በዚያ ምሽት እሱን ብቻ ይዤ ፒያሳ ወረድኩ፣ ኬክ በላን፣ ስለ ኳስ አወራኝ፣ ስለ እህቱ አንድም ቃል አላነሣንም። ቤተሰቡንስ ማን ይይዘዋል ብዬ የጠየቅኩትን ጥያቄ ለካ ከራሴ ቤት መጀመር ነበረብኝ።

29ኛው ያው ዲያቆን ነው፤ ሁሉም የረሳውን የግራ እጇን ነገር ያነሣው እሱ ብቻ ነው። ቀኝ እጇ ለታመመባት ልጅ በግራዋ መብላትም ማማተብም ነውር እንዳልሆነ፣ የገሠጿት ትልቅ ሰው ቢረዱት እንደሚጸጸቱ ጻፈ። ይህንን ለልጄ አነበብኩላት። እሷ ግን ሌላ መንገድ አግኝታ ነበር፤ ከአያቷ ጋር ስትጸልይ በግራ እጇ ቀኙን ይዛ፣ ግንባሯ ላይ፣ ደረቷ ላይ፣ ትከሻዎቿ ላይ እያደረሰች ታማትባለች። ማንም አላስተማራትም። ፊዚዮቴራፒስቱ ይህን ሲሰማ ጥሩ ልምምድ ነው፣ ትቀጥልበት አለ።

30ኛው ዛሬ ጠዋት የገባ ነው። የአዘዞዋ እናት የልጄ የጠበባት ስፕሊንት የቀኝ እግር ነው ወይ፣ ርዝመቱስ ስንት ነው ብላ ጠየቀች። የቀኝ ነው፤ ከተረከዝ እስከ አውራ ጣት 17 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ፊዚዮቴራፒስቱ ስፕሊንት በልጁ እግር ልክ የሚቀረጽ ስለሆነ የሌላውን ዝም ብሎ ማድረግ ቆዳ እንደሚልጥ፣ ይዘነው ከመጣን ግን የሚስተካከል መሆን አለመሆኑን እንደሚያይልን ነግሮናል። ሐሙስ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ጃንተከል ዋርካ ሥር እንገናኝና አብረን እንሄዳለን። እሷ ልጇን ታመጣለች፤ እኔ ሁለቱንም ልጆቼን፣ ገበጣውንም።